የሚስ ዶርካስ ጥግና የቅዳሜው ወረፋ

በኔዘርኮምብ ከተማ፣ ከገበያው አደባባይ ፊት ለፊት፣ የክራምፕ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ነበረ። እኔ እዚያ ጓንትና መሀረብ እሸጥ ነበር። ባንኮኒዬ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ወደ ውስጥ ዘልቆ ደግሞ፣ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ቦታ፣ ሚስ ዶርካስ ፒኖክ መጻሕፍት ታከራይ ነበር። በዕድሜ አሥር ዓመት ያህል ትበልጠኛለች፤ ግን ጦርነቱን ሙሉ የአውሮፕላን ማስጠንቀቂያ በጮኸ ቁጥር አንድ ምድር ቤት ውስጥ ተቃቅፈን ስለተቀመጥን፣ እህትማማች ሆነን ቀርተናል።

ዶርካስ ረጅም፣ ቀጭን፣ አንገቷ ቀጥ ያለ ሴት ነበረች። ሁልጊዜ ግራጫ ቀሚስ፣ ሁልጊዜ እስከ አንገት የተቆለፈ። የማያውቃት ሰው ሲያያት ከቀብር የምትመለስ ይመስለዋል። ያቺ ሴት ግን በመደርደሪያዎቿ ላይ ከሳቅ በስተቀር ሌላ ነገር አልነበራትም። የታሪክ መጽሐፍ የለ፣ የስብከት መጽሐፍ የለ። ከላይ እስከ ታች የሌስሊ ሃርብሮው ልብ ወለዶች ናቸው። የሌሎች ቀልደኞች ሥራም ጥቂት ነበራት፤ እነሱን ግን «መሙያ» ነበር የምትላቸው።

ሃርብሮው ያኔ በአገራችን በየቤቱ ተወዳጅ ነበር። በእሱ መጽሐፍ ውስጥ ማንም አይሞትም። ትልቁ መከራ አንዲት አክስት ሳትጠራ ለምሳ መምጣቷ ነው። አንዱ ጌታ ከእንግዶቹ ሸሽቶ ቁም ሣጥን ውስጥ ይገባል፤ ሚስቱ ደግሞ በዚያው ቀን ቁም ሣጥኑን ትሸጠዋለች። እንዲህ ያለ ነገር ነው። አውሮፕላኑ በላያችን እያጓራ ዶርካስ በሻማ ስታነብልን፣ ሕፃን የታቀፉ እናቶች እንባቸው እስኪፈስ ይስቁ ነበር። እሷ ፈገግ እንኳ ሳትል ታነባለች፤ ያ ደግሞ ይብስ ያስቃል።

መጻሕፍቱን ከየት አመጣቻቸው ቢባል ከአባቷ ነው። አባቷ በባቡር ጣቢያችን ሻንጣ ተሸካሚ ነበር። ተሳፋሪ የረሳው ዕቃ ሁሉ ወደ ጣቢያው መጋዘን ይገባል። ዣንጥላ የረሳ በማግስቱ ይመጣል። ሰው ሠራሽ ጥርሱን የረሳ እንኳ አፉን በመሀረብ ሸፍኖ ይመጣል። የሃርብሮውን መጽሐፍ ረስቶ የመጣ ሰው ግን አንድም የለም። ምክንያቱም የመጋዘኑ መስኮት ጋ ቆሞ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «የሳቅ መጽሐፍ ጠፍቶብኛል» ማለት ሊኖርበት ነዋ! ከዚያ ይልቅ ሱሪዬን ረሳሁ ማለት ይቀለዋል። ጊዜው ሲያልፍ ተሸካሚዎቹ ባለቤት ያጣውን ይካፈላሉ፤ ሌሎቹ ዣንጥላ ሲሻሙ የዶርካስ አባት መጻሕፍቱን በብብቱ ይዞ ወደ ቤቱ ይገባል። እሱ ሲሞት ቤቱ ውስጥ ከመጻሕፍቱ ሌላ ውርስ የሚባል አልተገኘም። የሱቃችን ባለቤት የነበሩት አሮጊቷ ሚስስ ክራምፕ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ከደረጃው ሥር ያለውን ቦታ ሰጧት።

የእኛ አገር ሰው እንዲህ ነው። መሳቅ ይወዳል፣ ሲስቅ መታየት ግን ሞቱ ነው። በተለይ እንደኛ ባለ ትንሽ ከተማ፣ ማን ምን እንዳነበበ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ላይ በሚወራበት። ስለዚህ ዶርካስ አንድ ዘዴ ፈጠረች። በጦርነቱ ጊዜ መብራት ወደ ውጭ እንዳይታይ መስኮት የምንጋርድበት ጥቁር ጨርቅ ነበረ፤ ጦርነቱ ሲያልቅ ጥቅሉ ለማንም ሳይረባ ምድር ቤት ተከምሮ ቀረ። እሷ ከዚያ እየቀደደች ለየመጽሐፉ ልብስ ሰፋችለት። ከላይ ሲያዩት የጸሎት መጽሐፍ ነው። ደንበኞቿም በፊት ለፊት አይገቡም፤ ከሰዓት በኋላ ሻይ በሚጠጣበት ሰዓት፣ በስተጎን በቀጭኗ መንገድ በኩል ባለችው ትንሽ በር ሹልክ ብለው ይገባሉ። ጥቁሩን መልሰው ጥቁር ይወስዳሉ። ማን እንደሚመጣ ላትናገር ለእያንዳንዳቸው ቃል ሰጥታለች። ኮሎኔል ትሪምብል ይመጣሉ። የቄሱ እህት ሚስ ፕሩደንስ ሎክ ይመጣሉ። ሁለቱም እሑድ እሑድ በአንድ አግዳሚ ወንበር ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን «ምንኛ ጸሎተኛ ነው!» እያለ ያደንቀዋል። እኔ ከጓንቶቼ ኋላ ሆኜ ሁሉን አያለሁ፤ ከንፈሬን ነክሼ ዝም።

እንግዲህ ነገር የመጣው አሮጊቷ ሞተው የወንድማቸው ልጅ ሱቁን የወረሰ ጊዜ ነው። ሚስተር ኦዝዋልድ ክራምፕ ይባላል፤ ከትልቅ ከተማ የመጣ፣ ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ ሜትር ከእጁ የማይለይ ሰው። ቀኑን ሙሉ ፎቅ ላይ ቢሮው ውስጥ ይቀመጣል፤ የከተማው ሰው መልኩን እንኳ አያውቀውም። በቀን አንዴ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ወደ ደረጃው ጫፍ ብቅ ብሎ ቁልቁል ያያል። እኩለ ቀን ላይ ደግሞ የዶርካስ ጥግ ባዶ ነው።

አንድ ሰኞ ወረደና ጥጓን በሜትሩ ለካ።

«ሚስ ፒኖክ፣» አለ፣ «እዚህ ቦታ ላይ ሰው አይቼ አላውቅም።»

«ሰው አለ፣ ጌታዬ።»

«የት አለ?»

«ሌላ ሰዓት ይመጣል።»

«ማን?»

ዶርካስ ወደ መደርደሪያዋ ዞረች። ሚስተር ክራምፕ ፈገግ አለ። «ባርኔጣ ላስገባ ነው» አለ። «ቀሚስ በራሽን ኩፖን ነው፣ ካልሲ በኩፖን ነው፣ ባርኔጣ ግን ኩፖን አይጠየቅበትም። ሴቱ ሁሉ እዚህ ይጎርፋል። እስከ ቅዳሜ መዝጊያ ሰዓት ድረስ በዚህች ጥግ ሰው መኖሩን በዓይኔ ካላየሁ፣ መጻሕፍቱን አሽገው ያውጡልኝ።»

እሱ ሲወጣ ሮጬ ሄድኩ። «ዶርካስ፣ ንገሪው እንጂ! ኮሎኔሉን ጥሪ፣ የቄሱን እህት ጥሪ!»

«ቃሌን ሰጥቻለሁ፣ ሂልዳ።»

«እና መንገድ ላይ ልትወድቂ ነው?»

«መጻሕፍቱ ናቸው የሚወድቁት። እኔማ የትም እቆማለሁ።» እንዲህ ብላ መደርደሪያውን መወልወል ጀመረች። ያንኑ አንዱን መደርደሪያ ደጋግማ ወለወለች። ቤቷ አንዲት ክፍል ናት፤ መጻሕፍቱን የምታስገባበት ቦታ የላትም። ቦታውስ ቢገኝ፣ ያለ ሰው ለማን ይሆናሉ? አንድ ጊዜ እንዲህ ብላኛለች፤ «ያልተነበበ ቀልድ እኮ ከሞተ ሰው በላይ ያሳዝናል።» ሳምንቱን ሙሉ ሁለታችንም ምሳ አልበላልን አለ።

ቅዳሜ ነጋ። ሚስተር ክራምፕ በእርግጠኝነቱ ብዛት ባርኔጣዎቹን በዚያው ጠዋት አስመጣ። ጋሪ ሙሉ ትልልቅ ሣጥን! ጋሪ ነጂው ግማሹን በጎን በር መንገድ ላይ ከመረው፤ በሩ ተዘጋ። ግማሹን ሱቁ ውስጥ ግራና ቀኝ ደረደረው፤ ከዋናው በር እስከ ደረጃው ሥር አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ጉድብ የመሰለ መንገድ ቀረ። ሚስተር ክራምፕ ይህን አዝዞ ወደ ባንክና ወደ ሌላ ጉዳዩ ሄደ።

አሁን የምነግራችሁ ነገር ከእኛ አገር በስተቀር የትም አይሆንም።

ከሰዓት በኋላ ሽማግሌው ኢኖክ ታፕሊ፣ ሚስቱ ላስቲክ ልትገዛ ስትገባ፣ እሱ ደጅ ቀረ። የሴት የውስጥ ልብስ የሚሸጥበት ቤት መግባት ያፍራል። ኮፍያውን ዝቅ አድርጎ በሩ አጠገብ ቆመ፤ ሌላ ምንም አላደረገም። ይኼኔ የሥጋ ሻጩ ሚስት ሚስስ ሰግደን ቅርጫቷን ይዛ ስታልፍ አየችው። በሱቅ በር ላይ የቆመ ሰው! በዚያ ዘመን፣ ሁሉም ነገር በራሽን ተመጥኖ በሚሸጥበት፣ በሱቅ በር ላይ ሰው ቆሞ ካየህ አትጠይቅም፤ ከኋላው ትቆማለህ። ምን እንደመጣ በኋላ ይታወቃል። ቆመች። ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ቆሙ። ከእነሱ ኋላ ፖስተኛው ብስክሌቱን ግድግዳ አስደግፎ ቆመ።

እኔ በመስኮት አያለሁ። መጀመሪያ አልገባኝም፤ ሲገባኝ ጓንቱ ከእጄ ወደቀ።

«ምን መጣ ይላሉ?» አለች አንዷ።

ሚስስ ሰግደን አላውቅም ማለት ውርደት ሆነባት። «ወረፋ የሚያስይዝ ነገር ነዋ!»

«ብርቱካን ይሆን?»

«በጨርቅ ሱቅ ብርቱካን?»

«ዘመኑ እኮ ነው። ባለፈው ሳሙናውን ያገኘሁት ጫማ ሰፊው ጋ ነው።»

«የሴት የናይለን ካልሲ ነው» አለ ፖስተኛው በሙሉ ልብ።

«አንተ ደግሞ ካልሲ ምን ያደርግልሃል?»

«ለእናቴ ነው።»

«ለእናቱ! ስንት እናት ነው ያለህ አንተ? ባለፈው ሽቶውንም ለእናቴ ብለህ ነበር!»

የናይለን ካልሲ የሚለው ቃል አደባባዩን እንደ እሳት አቋረጠው። ወረፋው በዳቦ ቤቱ አለፈ፣ በመድኃኒት ቤቱ ዞረ። የኢኖክ ሚስት ላስቲኳን ይዛ ወጣች፤ እሱም ክንዷን ይዞ ሄደ። አሁን ሚስስ ሰግደን የወረፋው ራስ ሆነች። ገባች። ሣጥኖቹ ግራና ቀኝ አፍነው ያለ ምርጫ ቀጥታ ወደ ደረጃው ሥር አደረሷት። ዶርካስ ካርቶን እያዘጋጀች ነበር፤ ቀና ስትል ሴትዮዋን አየች፣ ከሴትዮዋ ኋላ ፖስተኛውን አየች፣ ከፖስተኛው ኋላ እስከ ደጁ ፀሐይ ድረስ ራስ ብቻ አየች።

«ምን ልታዘዝ?» አለች ዶርካስ። ካርቶኑን በእግሯ ገፋ አደረገችው።

ሚስስ ሰግደን ዓይኗን አንከራተተች። ከኋላዋ ሕዝብ አለ። እንዴት ብላ ለምን እንደመጣሁ አላውቅም ትበል! «አንድ ስጡኝ» አለች። «እንደ ሌሎቹ።»

ዶርካስ አንድ ጥቁር መጽሐፍ ሰጠቻት። ሚስስ ሰግደን ሳትገልጠው በካፖርቷ ሥር ሸጉጣ፣ አፏን ገጥማ ወጣች። ባዶ እጄን ተሰለፍኩ ከማለት ይሻላታል። ደጅ ያለው ሕዝብ ግን የሸጎጠችውን አየ።

«አይታችኋል? ደበቀችው!»

«ጥሩ ነገር ባይሆን ትደብቀዋለች?»

ወረፋው እጥፍ ሆነ!

እኔ አልቻልኩም፤ ሕዝቡን ሥርዓት አስይዛለሁ ብዬ ወደ ደጅ ወጣሁ። እውነቱን ለመናገር ለማየት ነው የወጣሁት። ሻይ ሰዓት ደርሷል። የዶርካስ ሚስጥረኞች አንድ በአንድ ወደ ጎን በሩ ይሄዳሉ፣ የሣጥን ተራራ ያገኛሉ፣ ተመልሰው ወረፋው ላይ ይቆማሉ፤ ሁሉም ብርቱካን የሚጠብቅ መስሎ። ኮሎኔል ትሪምብል ጥቁር መጽሐፋቸውን በብብታቸው ይዘው ቆሙ። ፊታቸው ያሉት ሚስ ፕሩደንስ ናቸው። ሚስ ፕሩደንስ የራሳቸው መጽሐፍ ጥቂት ገጽ ይቀራቸው ነበር፤ ወረፋው ሲረዝምባቸው ጊዜ ገለጥ አድርገው ማንበብ ጀመሩ። ትንሽ ቆይተው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ያዘ።

ኮሎኔሉ ደነገጡ። «እመቤቴ፣ እያለቀሱ ነው?»

«መዝሙር... መዝሙረ ዳዊት ነው» አሉ ሚስ ፕሩደንስ መሀረባቸውን አፋቸው ውስጥ ከተው። «በጣም... ልብ ይነካል።»

ኮሎኔሉ ሊያጽናኑ ጎንበስ ሲሉ ዓይናቸው ገጹ ላይ ወደቀ። ቀጥ ብለው ቆሙ። ጆሯቸው ቀላ። ግራ አዩ፣ ቀኝ አዩ። ከዚያ በሹክሹክታ፣

«ዝይዋ ጋ ደርሰዋል?» አሉ።

ሚስ ፕሩደንስ ቀስ ብለው ዞሩ። «ኮሎኔል! እርስዎም?»

«ጳጳሱ ጣራ ላይ ሲወጣ ዝይዋ ተከትላው...»

«አይንገሩኝ! ገና ነኝ!»

«መሰላሉን ማን እንደወሰደው ቢያውቁ...»

«ኮሎኔል፣ ይህን ቢጨርሱ በኔ ቤት ሻይ አይቀምሱም!»

ይኼኔ ሁለቱም ፈነዱ። እግዜር ያሳያችሁ፣ የቄሱ እህትና ኮሎኔሉ፣ በገበያ አደባባይ፣ በጠራራ ፀሐይ! ከኋላቸው የትምህርት ቤቱ ዋና መምህር ጥቁር መጽሐፉን ከኮቱ ውስጥ መዘዘና «እኔ ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ» አለ። የመድኃኒት ቤቱ ሰው መዘዘ። የዳኛው ሚስት መዘዘች። አንዱ አንዱን እያየ «አንተም? እርስዎም? ኧረ በስመ አብ!» ወረፋው ከዳር እስከ ዳር እየተንከተከተ ነው። ለምን እንደቆሙ ያላወቁት ደግሞ «ምንድን ነው? ዝይ ነው እንዴ የመጣው? በራሽን ነው ያለ ራሽን?» ይላሉ።

በዚህ መሃል ሚስተር ክራምፕ ከጉዳዩ ተመለሰ። በሱቁ በር ላይ ሕዝብ አይቶ ቆመ። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ ወደ በሩ ተጠጋ።

«ኧረ! ኧረ! ወዴት ነው?» አለች አንዷ ሴት ቅርጫቷን ደቅና።

«ይቅርታ እመቤቴ፣ ልግባ ነው። ሱቁ የኔ ነው።»

«ትናንት ዓሣ ቤትም አንዱ የባለቤቱ ወንድም ነኝ ብሎ ነበር!»

«እኔ ክራምፕ ነኝ!»

«እኔ ደግሞ ንግሥቲቱ ነኝ። ከኋላ ተሰለፍ፣ ልጄ። እናትህ አላስተማረችህም?»

ወደ እኔ ዞረ። «ሚስ ሂልዳ፣ ይንገሩልኝ!»

እኔ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሕዝቡ ሁሉ ዝም ብሎ ያየው ጀመር። የእኛ አገር ሰው ሲሳደብ ያን ያህል አያስፈራም፤ ወረፋ የጣሰ ሰውን ዝም ብሎ ሲያይ ነው አጥንት የሚሰብረው። ሚስተር ክራምፕ ስድስቱን የጦርነት ዓመት በወረፋ ያሳለፈ ሰው ነው፤ ይህን እይታ ያውቀዋል። ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ባርኔጣውን አነሳ፣ «ይቅርታ» አለ፣ መድኃኒት ቤቱን ዞሮ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ሄዶ ቆመ። ወደ ገዛ ሱቁ ለመግባት!

ከአንድ ሰዓት በላይ ቆመ። ከፊቱ ያሉት ስለ ጳጳሱና ስለ ዝይዋ ሲከራከሩ ይሰማል። መጀመሪያ ፊቱን አዞረ። በኋላ አንገቱ ቀስ እያለ ወደ እነሱ ዘመም አለ።

ተራው ደርሶ በሣጥኖቹ መሃል ሲገባ እኔ ቀድሜው ገብቻለሁ። ዶርካስ ፊት ቆመ። ፊቷ ደም መስሏል፣ ፀጉሯ ከማሰሪያው ወጥቷል፤ እንዲያ አምራ አይቻት አላውቅም። በመደርደሪያዎቿ ላይ የቀሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ከእሱ ኋላ ዘግይተው የመጡ ሰዎች ተደርድረዋል።

«ምን ልታዘዝ፣ ጌታዬ?» አለች፣ እንደ ማንኛውም ደንበኛ።

ሚስተር ክራምፕ ጉሮሮውን ጠራረገ። «ሚስ ፒኖክ፣ እኔ እኮ...»

«ቶሎ በል እንጂ፣ ልጄ!» አለ አንድ ድምጽ ከኋላ። «ሌላም ሰው አለ!»

«ያን... የዝይዋን» አለ ሚስተር ክራምፕ።

የዝይዋ ሁለተኛ ቅጂ ነበራት። ሰጠችው። ይዞት ደረጃውን ወጣ፤ በሩ ተዘጋ።

እኛ ምን እንደሚወስን አናውቅም። ሰው መኖሩን በዓይኑ አይቷል፣ ቃሉ ቃል ነው፤ ግን በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት ተዋርዷል፣ ወንድ ደግሞ ከተዋረደ በኋላ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም። ሰው ሁሉ ሄዶ መዝጊያው ሲቃረብ ዶርካስ የቀሩትን ጥቂት መጻሕፍት ወደ ካርቶኑ ማስገባት ጀመረች።

«ምን እያደረግሽ ነው?» አልኳት።

«ያባርረናል፣ ሂልዳ። ዓይኑን አላየሽም?»

«ዓይኑን አይቻለሁ! ዝም ብለሽ ቁጭ በይ!»

«ሣጥኖቹስ? ገንዘቡን ሁሉ ከፍሎባቸዋል።»

ልመልስላት ስል ከፎቅ አንድ ድምጽ መጣ። ወንበር የወደቀ መሰለኝ። ቀጥሎ ሌላ ድምጽ፤ እንደ ፈረስ ማናፋት ያለ። ተያየን። ሦስተኛው ሲመጣ ምን እንደሆነ አወቅን፤ ለረጅም ጊዜ ሳይስቅ የኖረ ሰው ሲስቅ እንደዚያ ነው፣ የዛገ በር ሲከፈት ማለት ነው። ዶርካስ እጄን ያዘች። እስኪያመኝ ጨመቀችው።

የቢሮው በር ተከፈተ። ሚስተር ክራምፕ ኮቱን አውልቆ፣ ፀጉሩ ቆሞ፣ ጣቱን በመጽሐፉ ገጾች መሃል አስገብቶ ወረደ። ካርቶኑን አየ።

«ምንድን ነው ይኼ?»

«እስከ መዝጊያ ብለውኝ ነበር፣ ጌታዬ። አሽገው ያውጡልኝ ብለው...»

«ያ ሰኞ ነው! ሰኞ ዕለት ጳጳሱን አላውቀውም ነበር። ይመልሷቸው።»

«ባርኔጣዎቹስ?»

ዙሪያውን አየ፤ የሣጥን ተራራውን ገና አሁን ያየው መሰለ። «ቢሮዬ ውስጥ ይሰቀሉ። ባርኔጣ የፈለገች ደረጃ ትውጣ።» ከዚያ ድምጹን ዝቅ አደረገ፣ እኔ እንዳልሰማ ብሎ፤ እኔ ግን ሰማሁ። «ሚስ ፒኖክ፣ አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ጳጳሱ ከዚያ ጣራ ይወርዳል?»

ዶርካስ ከካርቶኑ አንድ መጽሐፍ አነሳች፣ በእጅጌዋ ጠረገችው፣ ወደ ቦታው መለሰችው። ድምጿ ቀጥ ያለ ነው።

«የደንበኛን ደስታ አላበላሽም፣ ጌታዬ» አለች። «ወደ ላይ ይውጡና ያንብቡት።»

ወጣ። እየሮጠ ነው የወጣው፣ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ። እኛ ሁለታችን ከደረጃው ሥር ወለሉ ላይ ቁጭ አልን፣ መብራቱን ሳናጠፋ፣ በሩን ሳንዘጋ፣ ቀጥሎ የቱ ጋ እንደሚስቅ ጆሯችንን አቅንተን።